የቪብከ የዶክተርነት ኮፍያ

ሄኒንግ መስታወቷን ኮፍያው ላይ ሰቀላት።

የጀርመኗ ዬና ከተማ ላብራቶሪዎች ልማድ ነው። ተማሪ የዶክትሬት ፈተናውን ሲያልፍ ባልደረቦቹ በድብቅ ኮፍያ ይሠሩለታል፤ በሥራው ዘመን ያሳቀውንና ያስለቀሰውን ኮተት ሁሉ ያንጠለጥሉበታል። ዛሬ ተራው የቪብከ ነው። መስታወትን ሳይሰነጠቅ በሌዘር ለመብሳት ስድስት ዓመት ለፍታለች። የሌዘሩ ብልጭታ ከመፍጠኑ የተነሳ መስታወቱ ለመሞቅ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

የዚያ ብልጭታ ልኬት ሁሉ አሁን ኮፍያው ላይ በተሰቀለችው፣ ጥፍር በምታህል መስታወት ውስጥ ተጽፏል። በገዛ ሌዘሯ። የጻፈው ሦስት ዓመት ቴክኒሺያን መስሎ የኖረው ሰላዩ ሄኒንግ ነው፤ የምስጢር ስሙ «አይጥ»።

«አዲስ ዶክተርን ከነኮፍያዋ የሚፈትሽ ዘበኛ የለም» ብሎት ነበር አለቃው «አጋዘን»። «ከበሩ ውጭ የኛ ሰው መስታወቷን ይነቅላታል። ልጅቷ ምንም አትሆንም። አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ግን ኪስህ ያዝ።»

ሄኒንግ የተስማማው ምንም አትሆንም ስለተባለ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ቪብከን ባጌጠ ጋሪ ጭነው ወደ በሩ ገፏት።

ዘበኞቹ አስቆሟቸው።

አንደኛው በቀጥታ መስታወቷን ያዘ። ከዚያ ሁሉ ኮተት መካከል፣ ሳይፈልግ።

ሄኒንግ ነገሩ ገባው። ለዘበኞቹ የጠቆመው አጋዘን ራሱ ነው። ኮፍያው ማዘናጊያ ነበር፤ ዋናው ዕቃ ኪሱ ውስጥ ያለው ነው።

«ይቺን ማን ሰቀላት?» አለ ዘበኛው።

«የኮፍያ ሠሪ አይነገርም፤ ልማዳችን ነው» አለች ቪብከ እየሳቀች።

«እንግዲያው የምንጠይቀው እርስዎን ነው። ማንም እንዳይወጣ!»

ሳቋ ከሰመ። ሄኒንግ «የኔ ናት» ማለት ይችል ነበር። ሁለት ቃል።

አላለም።

«እሱን አታቆዩት» አለች፣ ወደ ሄኒንግ እየጠቆመች። «እናቱ ሆስፒታል ናት፤ ባቡሩ ያመልጠዋል። ለሱ እኔ ዋስ ነኝ።»

ዘበኛው ሌባዋን የያዘ መስሎታል። ለሄኒንግ በአገጩ መንገዱን አሳየው።

የሄኒንግ እናት ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ አጋዘን ኪሱ ውስጥ የነበረችውን መስታወት ተቀብሎ አዲስ መታወቂያ ሰጠው።

«ዋሽተኸኛል» አለ ሄኒንግ።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ አሉ። አንተስ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትላት ኖርክ?»

«ምን ያደርጓታል?»

«ዶክትሬቷን ይነጥቋታል። ልትታሰርም ትችላለች። ምን አገባህ?»

ሄኒንግ ራሱን ጠላ።

ስልኩን ሊጥል ሲል መልእክት ገባ። ከቪብከ ነው። «ባቡሩን ደረስክበት? እዚህ የሆነ ስህተት አለ፤ ይጣራል። አንተ ለእናትህ አስብ።»

መልእክቱን አጠፋው። ስልኩን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለና ተሳፈረ። ትኬት ተቆጣጣሪዋ ስሙን ስትጠይቀው፣ አዲሱን ሳያመነታ ነገራት።