በግራ በኩል የተቀመጠው ቀለም

ሙዚየሙ ከምሳ በኋላ ሲከፈት ጎብኚዎቹ በደራሲው የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ያገኙት የሙዚየሙን ኃላፊ ሬሳ ነበር። ሰውየው ከብረት ምድጃው ሥር በጀርባው ተዘርሯል፤ ማጅራቱ በምድጃው ጠርዝ ተፈንክቷል።

መርማሪው ሲደርስ አስጎብኚዋ ቁልፏን ጨብጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ባልደረቦቹ «መዥገር» ይሉታል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

«ክፍሉን የቆለፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ሌላው ቁልፍ በኃላፊው ኪስ ነው።»

«ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ነገ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፣ ለጎብኚ የምትተርኪው ሁሉ ይቀየራል አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስጠኑኝን ነው የማወራው፤ ውሸታም ሊያደርጉኝ ነው ብዬ ጮህኩባቸው። ግን እጄን አላነሳሁም! ልጅ አለችኝ ጋሼ። ዛሬ ብታሰር ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው የለም።»

ወጣቱ ፖሊስ ወደ መርማሪው ጆሮ ጠጋ አለ። «ቁልፉም እሷ ዘንድ፣ ጸቡም እሷ ዘንድ። ምን ቀረን አለቃ?»

«ጭንቅላት» አለው መርማሪው፣ ወደ ክፍሉ እየገባ።

ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ በጨርቅ የተጠረገ ቀለም አለ፤ ገና አልደረቀም። የቀለሙ ብልቃጥ ግን ጠረጴዛው ላይ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከአጠገቡ ማጉያ መነጽርና የደራሲው የመጨረሻ መጽሐፍ ረቂቅ ይታያሉ። ሌሎቹ ረቂቆች በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ናቸው። አጎንብሶ አያቸው። በሁሉም ላይ ቀለሙ በመዳፍ የታበሰ ይመስል ተለቅልቋል። የመጨረሻው ረቂቅ ብቻ እንደ ታጠበ ሳህን የጠራ ነው።

አስጎብኚዋን ጠራት። «ጠረጴዛው እንደተውሽው ነው?»

«አይደለም! ቀለሙና ብዕሩ በቀኝ፣ መብራቱ በግራ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ፎቶው ላይ እንዳለው።»

ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ደራሲው ብዕር በቀኝ እጁ ይዞ ይጽፋል። መርማሪው ፎቶውን አየ፤ ደራሲው የለበሰውን ያንኑ ኮት መስቀያው ላይ አየ፤ መልሶ ፎቶውን አየ። 

ዘበኛው እንደመሰከረው፣ በምሳ ሰዓት ከሟች ሌላ በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ አስጎብኚዋ ነች። ሁለተኛዋ ለጉብኝት የመጣችው የደራሲው ልጅ ነች።

«አባትሽን ታስታውሺዋለሽ?»

«የት አውቄው? እናቴ ይዛኝ ስትሄድ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብዳቤ እንኳ አልላከልኝም። የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን ‹ልጄ› እያለ ለእኔ ጻፈው። በሱ ነው ይቅር ያልኩት።»

ሦስተኛዋ የደራሲውን ጽሑፎች ሃያ ዓመት በጽሕፈት መኪና የመቱት አሮጊት ናቸው፤ ቤቱ በሙሉ «እትዬ መኪና» ይላቸዋል።

«ጽሕፈት ክፍል ገብተው ነበር?»

«ደራሲው ከሞተ ወዲያ እዚያ ምን አለኝ? ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪው ሁሉንም በጽሕፈት ክፍሉ ሰበሰበ።

«ሟች ራሱ በኪሱ ቁልፍ ከፍቶ ከሚያውቀው ሰው ጋር ገባ» አለ። «ተጨቃጨቁ፣ ተገፋ፣ ወደቀ። ጠረጴዛውን ይዞ ስለነበር ዕቃው አብሮት ወረደ። ገፊው ዕቃውን ሳይመልስ መሄድ አልሆነለትም። ግን ቀለሙን በግራ አስቀመጠ። ግራኝ ሰው በሚፈልገው በኩል።»

«ደራሲው ግራኝ አልነበሩም» አለች አስጎብኚዋ።

«ፎቶው ተገልብጦ የታተመ ነው። ኮቱ የደረት ኪሱ በግራ ነው፤ ፎቶው ላይ በቀኝ ሆኗል። የግራኝ እጅ ደግሞ ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ ነው የሚሄደው፤ ረቂቆቹን እዩ። አንቺ ዕቃውን ብትመልሺ ኖሮ እንደ ፎቶው በቀኝ ታደርጊው ነበር። የደራሲው ልጅም ከፎቶው በቀር አታውቀውም። ጠረጴዛውን እንደ ድሮው የሚያውቀው ከፊቱ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።»

«በቃ» አሉ እትዬ መኪና። «እኔ ነኝ። አትጨምር የኔ ልጅ። አስጎብኚዋን ልቀቃትና እኔን ውሰደኝ።»

«‹ለምን?› ብሎ ዳኛው ይጠይቃል።»

«ክፉ ነች በለዋ! ይበቃዋል።»

መርማሪው የመጨረሻውን መጽሐፍ ረቂቅ አነሳ። የደራሲውን ልጅ አየት አደረገና ቀጠለ። «ይህኛው ላይ ምንም አልተለቀለቀም። የጻፈው ቀኝ እጅ ነው፤ ደራሲው አይደለም። ሟች ያገኘው፣ ነገም ለጋዜጠኞች ሊያወጣው የነበረው ይህንን ነው።»

 የአስጎብኚዋ ለቅሶ ፈነዳ፤ ወጣቱ ፖሊስ በእጁ ምልክት አሰናበታት። የልጇ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ እየሮጠች ወጣች።

የደራሲው ልጅ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ኃላፊውን ለመንኩት እኮ» አሉ አሮጊቷ። «‹ልጅቷ በዚህ መጽሐፍ ነው የቆመችው፣ ተዋት› አልኩት። ‹እውነት እውነት ነው› አለኝ። ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም።»

«አንድም የአባቴ ቃል የለበትም?»

እትዬ መኪና ጉልበታቸውን አሻሹ። «አልጋ ላይ ሳለ፣ እጁ ብዕር መያዝ ሲያቅተው፣ አንድ ቀን ‹ልጄ ስንት ዓመቷ ሆነ?› አለኝ። ያቺ ጥያቄ የሱ ናት። ሌላውን እኔ ሞላሁት።»

«ምን ብለው መለሱለት?»

«ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ልጅቷ ቀደመችው። የአሮጊቷን ሹራብ ከወንበሩ አንስታ ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።