ሞተሯ የወጣ ቮልስ

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ወረታ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት እየበሳች...

የማያምን አይመን። ለማሳመን ትዕግሥቱም የለኝም። የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

አባዬ አያልነህ አሮጌ ቮልስ ነበረችው። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ እኔ ሳልወለድ የገዛት። እማዬን ጉልበቷን ሲያማት «ሩዙ ይታጨድና በዚችው መኪና ወንዛዬ ፍል ውኃ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር።

ሩዙ ሳይታጨድ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ባሰባት። ደጅ ለመውጣት እንኳ እኔ ደግፌያት ነው።

«በሚኒባስ ልውሰድሽ።»

«በሱ መኪና ነው ያለኝ።»

«ባጃጅ ልኮናተር በቃ።»

«በሱ መኪና።»

እሺ ብዬ ስንነሳ ደግሞ ቮልሷ ሐሙሲት ሳትደርስ ሩዝ ማሳ መሃል ቀጥ ትላለች። ሁልጊዜ! አጫጆቹ ቀና ብለው ይስቁብኛል። እማዬ ከኋላ ቁጭ ብላ ዳዊቷን ትደግማለች፣ እኔ እገፋለሁ። አንጀቴ አረረ።

መካኒኩ ሰውመሆን መከረኝ።

«የቪትዝ ሞተር እንግጠምላት። ወንዛዬ ምን አላት፣ ጎንደር ደርሳ ትመለሳለች። ግን ኋላዋ ይቆረጣል። ከተቆረጠ የአባትህ ሞተር ተመልሶ አይገባም። አስብበት።»

ለእማዬ ነገርኳት።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ?» አለች።

«ታዲያ ጉልበትሽ ሙት ዓመት ይጠብቃል?»

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም፣ ልጄ። ሊፈልገው ይመጣል።»

እኔ ደረቅ ነኝ። ሞተሩን አስወጣሁት። ሰውመሆን ጎማዎቹንም ጨምሮ በጋሪ ጭኖ ጋራዡ ወሰደው። ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቀረች። ለመቁረጡ ግን አፌ እሺ አላለኝም። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሌሊቱን ሙሉ ልቁረጥ፣ አልቁረጥ ስል አደርኩ። በራሴ ተናደድኩ።

ጠዋት መኪናዋን ከፈትኩ።

የሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቷል... አባዬ ረጅም ነበር። እኔ አጭር ነኝ።

መስተዋቱም ዞሯል። እማዬ ወደምትቀመጥበት።

የሰፈር ልጆች ናቸው አልኩ። ወንበሩን መለስኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ገበያ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውመሆን ደወለ። ያንሾካሹካል።

«ዘመነ... ይሄን ሞተር ማን አስነሳው?»

«የቱን?»

«የአባትህን። መሬት ላይ ነው ያለው። ቤንዚን የለው፣ ባትሪ የለው... እጄን አቃጠለኝ።»

«ፀሐይ ነዋ።»

«ጥላ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ።»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

የእማዬ አልጋ ባዶ ነው። ከዘራዋ ግን ራስጌዋ ቆሟል።

ጓዳ የለችም። ጎረቤት የለችም። ተመልሼ ግቢ ስገባ ከቮልሷ ጎን ቆማለች... ያለ ከዘራ። ፀጉሯ ረጥቧል፣ ነጠላዋ ውኃ ያንጠባጥባል።

«እማዬ... የት ነበርሽ?»

«ወንዛዬ ነዋ።»

«በምን?»

እንደ ሞኝ አየችኝ።

«በሱ መኪና።»

ቮልሷ ድንጋይ ላይ ናት። በሩ እንደተቆለፈ ነው። በመስኮት አየሁ... የኋላው ወንበር ርሷል።

እማዬ ጆሮዬ ድረስ ጠጋ አለች።

«ጉልበቴ ተወኝ። ነገም በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ ብሎኛል።»

«ነገ ደግሞ የት ሊወስድሽ?»

«እሱን አልነገረኝም። አንመለስም ብቻ አለኝ።»

ፈራሁ። እናቴን አልሰጥም። ሰውመሆንን ጠራሁና «አሁኑኑ ቁረጣት!» አልኩት። ሳይመሽ የቮልሷ ኋላ በግራይንደር ተቆረጠ። የአባዬ ሞተር ከእንግዲህ አይገባባትም። እፎይ አልኩ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የእማዬን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ በሩን ታያለች።

ስልኬ ጮኸ። ሰውመሆን ነው።

«ሞተሩ... ካስቀመጥኩበት የለም።»

ያኔ ደጅ ላይ ሰማሁት። ያን እየተንፈራፈረ የሚነሳ የቮልስ ድምፅ... ስገፋት ስሰማው የኖርኩትን። ዛሬ ግን ቀጥ አላለም።

«ክፈትለት» አለች እማዬ።

አልከፈትኩም። እጇን ሳልለቅ በመስኮት ብቻ ተመለከትኩ። ቮልሷ ድንጋዩ ላይ ናት። የተቆረጠው ኋላዋ አፉን ከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። የኋላው ወንበር ላይ ግን ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች... ዳዊት ትደግማለች።

ዞር አልኩ።

አልጋው ላይ ማንም የለም። የጨበጥኩት እጅ የለም። ከመዳፌ መሃል ፍል ውኃ ይንጠባጠባል።