የአዴ ከዲጃ ትንንሽ አንጀቶች

የጂን ወሬ ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ በክፍላችን እንዲህ ያለ ነገር የማታምን ማናት ብትሉ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው፣ ስለዚህ ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ የሆነውን ነው።

እህቴ ሃናን እዚሁ አሰላ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ሥራዋ አንጀት ማሳደግ ነው፣ እመኑኝ አልቀለድኩም። የሳጉሬዋ አዴ ከዲጃ በኢንዶስኮፒ ሲታዩ ከአንጀታቸው ቅንጣት ለምርምር ፈቀዱ፣ ሃናን ደግሞ በውስጧ ያሉትን ስቴም ሴሎች፣ ማለትም እየተባዙ አዲስ አንጀት የሚሠሩትን፣ እየመገበች ከሰሊጥ ያነሱ ድብልብል አንጀቶች አደረገቻቸው፣ ሐሳቡ የተቅማጥ ጀርም እነሱ ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚያጠቃ ማየት ነው፣ ሰው ሳይታመም። አዴ ከዲጃ ይህን ከሰሙ ወዲህ እየደወሉ "ሆዴ ደህና ዋለ?" ይሏታል፣ እሷም "ከእርስዎ በላይ ይበላል" ትላቸዋለች።

በረመዳን አንድ ቀን፣ ለመግሪብ ትንሽ ሲቀር፣ ማፍጠሪያ ቴምር ይዤላት ሄድኩ፣ እንደደረስኩ መብራት ጠፋ። የጀነሬተሩ ሠራተኛ ሊያፈጥር ቤቱ ሄዷል፣ አንጀቶቹ ያሉበት ማሞቂያ ሳጥን ከቀዘቀዘ ደግሞ የእህቴ የወራት ልፋት አፈር በላ፣ ያውም ጀርሙ ሊደረግባቸው አንድ ቀን ሲቀረው። "ሳጥኑን እንዳትከፍቺ፣ ሙቀቱ ይወጣል" ብላኝ ሰውየውን ልትጠራ ሮጠች።

ብቻዬን ቀረሁ። ጉርርር የሚል ነገር ሰማሁ፣ መጀመሪያ የራሴ ሆድ መሰለኝ፣ ጾመኛ ነኛ፣ እጄን ጣል ባደርግበት ጸጥ ብሏል። ደግሞ ጉርርር አለ፣ ከሳጥኑ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፣ ልክ አጠገቤ እንደተቀመጠ የራበው ሰው ሆድ ነው፣ ረዘም ይልና ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ሞተሩ ነው እንዳልል መብራት የለም።

አዛን ተባለ። ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና ቢስሚላህ ብዬ ቴምሬን ነከስኩ፣ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ብቻ በተከፈተው በር ወደ ሳጥኑ ዞሬ "አንተም ብላ" አልኩት።

ጸጥ አለ።

ወዲያው መብራቱ መጣ፣ ሃናንም እያለከለከች ገባች፣ በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ሁሉም ደህና ናቸው፣ በደስታ አቀፈችኝ። ስለ ድምፁ ስነግራት ግን "ጡንቻ የላቸው፣ አየር የላቸው፣ በምን ይጮሃሉ? ረሃብሽ ነው ባክሽ" ብላ ሳቀችብኝ።

ይህን እያለች ስልኳ ጠራ፣ አዴ ከዲጃ ናቸው፣ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማኋቸው።

"አካም ጅርታ ሃናን፣ ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አዛን ሲል ገና ውኃ ሳልቀምስ አፌ ቴምር ቴምር አለኝ፣ ጥግብ አልኩ፣ ልጆቼ ብዪ ቢሉኝ እምቢ አለኝ። ለሆዴ ምን ሰጠሽው?"

እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። ሃናን ግን ሳቋን አቆመች።

በማግስቱ ጀርሙን አላደረገችባቸውም። አለቃዋን "ከዒድ በኋላ ይሁንልኝ" አለችው። አዴ ከዲጃ እንዲህ የቀለለኝ ረመዳን የለም እያሉ ነው፣ እኔም ሳፈጥር የመጀመሪያዋን ቴምር ነክሼ በልቤ "ይብሉ" እላቸዋለሁ፣ ደስ ይለኛል።

ዒድ ነገ ነው።