ሃምሳ አምስት ኢንች፣ አርባ አንድ ሰከንድ

እናቴ በሕይወት አለች። ዋሸህ የሚለኝ ካለ ሕንድ አገር፣ ናግፑር ድረስ መጥቶ ራሷን ይጠይቃት። ከእኔ አሳምራ ትነግራችኋለች... ብቻ ፈገግ እያለች ስትነግራችሁ እንዳትደነግጡ።

እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀኑ እሑድ ነው፤ ግንቦት አጋማሽ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ከሃያ። እንዲህ ያለ ታሪክ በእኩለ ሌሊት ካልሆነ አይጥመንም የምትሉ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው።

በግንቦት እኩለ ቀን እኛ ሰፈር ውሻ እንኳ መንገድ ላይ አይታይም። ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወፍራም መጋረጃውን ጋርዶ፣ ውሃ የሚረጨውን ቬንትሌተር ከፍቶ ይተኛል። ሳሎኑ ይጨልማል።

ቲቪ ለመፈተሽ ከዚያ የተሻለ ጨለማ የለም።

ሱሃስ እባላለሁ። እንጀራዬ ሌላ ሥራ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን በቲቪ ነው። ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። ትልቅ ሆኖ ርካሽ የሆነ ነገር ሲያይ የሰው ልብ ይሸፍታል፤ እኔ ደግሞ የሸፈተውን ልብ መመለስ እወዳለሁ። ትንሽ ክፋትም ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ያን ሳምንት ግን ተራው የራሳችን ነበር።

እናቴን ጉልበቷ ከቤት አያስወጣትም። ዓይኗም ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች ቆይታለች። ስለዚህ ባለ ሃምሳ አምስት ኢንች አዘዝኩላት። ስሙ ያልተሰማ፣ ዋጋው ከታወቁት ግማሽ የማይሞላ። ካልወደድነው በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ እንችላለን።

እሑድ ሰባተኛው ቀን ነበር። ለማንኛውም ብዬ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ መጥተው እንዲወስዱት አስመዝግቤያለሁ። ከወደድነው በባዶ እጃቸው እመልሳቸዋለሁ።

ለመፍረድ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቀረኝም።

ከታችኛው ፎቅ ጋሽ ዋግማሬ መጡ። ወደ ሕንፃችን የገቡት ባለፈው ዓመት ነው፤ ያንኑ ቲቪ ሊገዙ ቋምጠዋል።

«እሺ ዳኛው፣» አሉኝ ድንክ አልጋው ላይ ዘርፈጥ ብለው። «ይገዛል ወይስ አይገዛም?»

«ቀስ ጋሼ፣ እናቴ ተኝታለች። ገና ምስክር አልተሰማም።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሚስቴ እኮ ግድግዳውን ለክታ ጨርሳለች። ቲቪውን ካልገዛሁ እዚያ የምትሰቅለው እኔኑ ነው።»

ሳቅኩ። በዚያ ቀን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑን በሙሉ ጥቁር አደረግሁት። ጥቁሩ ጥቁር አልነበረም፤ አመድማ ነው፣ ከታች በቀኝ ማዕዘኑም ብርሃን ያፈሳል። ድምፁ ጣሳ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ከጎን ሲያዩት መልኩ ይገረጣል። ቀለሙ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከዋጋው በላይ ነው።

«እና?» አሉ ጋሽ ዋግማሬ።

«የሩዙ ፈተና ይቀራል።»

የማንንም ቲቪ የምፈትሸው በአንድ ቪዲዮ ነው። የእህቴ የማዱራ ሠርግ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት ፊት ለፊት ቆመው በመሀላቸው ነጭ ጨርቅ ተይዟል። ምርቃቱ ተዘምሮ ሲያበቃ እንግዳው ሁሉ በእርድ የተለወሰ ሩዝ ይወረውርባቸዋል፣ ጨርቁም ይወርዳል። አርባ አንድ ሰከንድ ነው። በአንዴ ሺህ የሩዝ ፍሬ አየር ላይ ይበራል፤ ርካሽ ቲቪ የሚዋረደው እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ጭራ ያበቅላል።

ያንን ቪዲዮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማን የት እንደቆመ፣ ማን አፍንጫውን እንደነካ ሁሉ። እናቴ ዳር ላይ፣ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሩዙን በመዳፏ እንደያዘች ትቀራለች። አትወረውረውም።

ታናሽ ወንድሜ ቴጃስ ከዚያ ሠርግ ስምንት ወር በፊት ነው የሞተው፤ በዚያ እሑድ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትኩሳት በስድስት ቀን ወሰደው። በእኛ ሠርግ የሙሽሪት ወንድም የሙሽራውን ጆሮ ይጠመዝዛል፤ ቴጃስ «እንደ ቲማቲም እስኪቀላ ነው የማዞርለት!» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ነበር። በእሱ ፈንታ ጆሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የቴጃስ አስከሬን የተቃጠለበትን እሳት የለኮስኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ መሞቱን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰው ናት። ብይ ካላሏት አትበላም። የቀረችኝን ግማሽ እንዳላጣ፣ ሌት ተቀን የምፈራው ይህንን ብቻ ነበር።

ቪዲዮውን ለቀቅሁት። እንደጠበቅሁት ሩዙ ጭራ አበቀለ።

«ወደቀ በለኛ!» አሉ ጋሽ ዋግማሬ አዝነው።

«ይቆዩ... ማለስለሻውን ላብራው።»

እነዚህ ቲቪዎች አንድ ነገር አላቸው። ካሜራ በሰከንድ ሃያ አምስት ሥዕል ይቀርፃል። ቲቪው ደግሞ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ በሁለት ሥዕል መሀል ሌላ ሥዕል ከራሱ ፈጥሮ ይጨምራል። ካሜራው ያላየውን ቲቪው እየገመተ ይሞላል።

አበራሁት።

ሩዙ እንደ ውሃ ፈሰሰ። አንድ ፍሬ እንኳ አልተሰበረም። ስንት ውድ ቲቪ ፈትሼ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

«ኧረ ጉድ...» አሉ ጋሽ ዋግማሬ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ። «ያ ልጅ ግን ምነው አኩርፏል?»

«የቱ?»

«ከኋላ ያለው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው። ሰው ሁሉ ሩዝ ሲወረውር እሱ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል።»

«እዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የለም፣ ጋሼ።»

«እኔን እያየኝ ነው እኮ የለም የምትለኝ!»

መለስ አድርጌ አጫወትኩት።

ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ... ቆሟል። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ሙሽሮቹ ዞሯል። እሱ ወደ እኛ ዞሯል።

ማለስለሻውን አጠፋሁ። ምሰሶው ብቻ።

አበራሁ። ቴጃስ።

ጋሽ ዋግማሬ ቴጃስን አያውቁትም። ፎቶውን እንኳ አይተው አያውቁም፤ እናቴ አንሥታ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

«ማነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ዓይኔ ከታች በሚቆጥረው ሰዓት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። አርባ አንድ ላይ ማለቅ የነበረበት ቪዲዮ... አርባ ሁለት... አርባ ሦስት... አርባ አራት ላይ ቆመ።

ማለስለሻ ሥዕል ይጨምራል። ጊዜ ግን አይጨምርም።

ጋሽ ዋግማሬ ፊቴን አዩ። ተነሡ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ጥሩ ቲቪ ነው፣» አሉ በሩ ላይ፣ ወደ ስክሪኑ ሳያዩ። «እኔ ግን... አልገዛም።»

ሪሞቱን አንሥቼ ላጠፋው ስል የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ።

«ማነው የጠራኝ?»

እናቴ ናት። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

«ማንም አልጠራሽም እማዬ። ግቢ ተኚ።»

ድንክ አልጋው ላይ መጥታ ተቀመጠች። ቪዲዮው ለካ እንደገና ጀምሯል። አተኩራ አየች።

«ከስቷል፣» አለች።

«ማ... ማን?»

«ቴጃስ ነዋ። ምን እያበሉት ነው?»

ይህቺ ክር ማየት ያቃታት ሴት ናት።

«ድገመው፣» አለችኝ።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከእኔ አንዳች ነገር የለመነችኝ ያኔ ብቻ ነው።

ደገምኩት።

ከምሰሶው አጠገብ አልነበረም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት አክስቶቼ መሀል ቆሟል። እግሩ ሲንቀሳቀስ አላየሁትም።

«ድገመው።»

የመጀመሪያው ረድፍ። የሩዙ ፍሬዎች ወደ እሱ ሲደርሱ ለሁለት ተከፍለው በጎኑ ያልፋሉ። አንዱም አይነካውም።

«እማዬ፣ ይበቃል...»

«ድገመው አልኩህ።»

ከቀዩ ወንበር ጀርባ ቆሟል። ከእናቴ ወንበር ጀርባ። አሁን እኛን አያይም። ቁልቁል የእሷን አናት ያያል።

ከዚያ... ቪዲዮው ላይ ያለችው እናቴ አንገቷን አዞረች።

እናቴ በዚያ ሠርግ ላይ አልዞረችም። ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ዞራ አታውቅም። አሁን ዞረች፣ ቀና ብላ አየችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

አጠገቤ የተቀመጠችውም እናቴ ከንፈሯ እኩል ተንቀሳቀሰ።

ቬንትሌተሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭብኛል፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ላንተ አይደለም።»

ተነሣሁ። «ይኼን ነገር እመልሰዋለሁ። አሁኑኑ።»

«ሱሃስ፣ አትንካው!»

«እማዬ ሞቷል! በእጄ ነው ያቃጠልኩት፣ ትሰሚያለሽ? በዚህ በእጄ!»

ይህን ለእናቴ በመናገሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። እሷ ግን አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና ዳበሰችው።

«አውቃለሁ ልጄ። እሱ አልተቀየመህም።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንዴ ብቻ፣» አለች። «የመጨረሻ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ደገምኩት። ወንበሩን አየሁ። ከኋላው ማንም የለም። ምሰሶው ጋ የለም። ከረድፉም የለም። ማለስለሻው እንደበራ ነው፣ ሩዙ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ቴጃስ ግን የለም። ቪዲዮው አርባ አንድ ላይ አለቀ።

ቪዲዮው ላይ ያለችው እናቴ ወደ ፊቷ ታያለች፣ እንደ ድሮው። መዳፏ ግን ባዶ ነው። ሩዙን ወርውራዋለች።

ቪዲዮውን ዘጋሁት። ትንፋሼ ተመለሰ።

«ሄደ፣» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳቋን ድምፅ ሰማሁ፤ እንባዬ መጣ።

«በል እንግዲህ ይውሰዱት፣» አለች። «አሁን አያስፈልግም።»

ፈጣሪ ማራት አልኩ። ልጇን አየችው፣ ተሰናበተችው፣ ወጣላት አልኩ። ግንባሯን ሳምኳት። ምን ላድርግ፣ እንዲያ ማመን ፈለግሁ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን አንድ ወጣት ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ቲቪውን ከግድግዳው አወረድነው።

«ምን ጉድለት አገኛችሁበት ልበል?» አለኝ ቅጹን ይዞ።

«ጥቁሩ... ጥቁር አይደለም፣» አልኩት።

ጻፈው። ካርቶኑን አብሬው ይዤ ወረድኩ፣ መኪናው ላይ ጫንነው። ፀሐዩ ዓይኔን አጠፋው፤ የመንገዱን አቧራ፣ የመኪናውን ጥሩምባ ሁሉ ወደድኩት። መኪናው ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ።

ስመለስ ጋሽ ዋግማሬ በራቸውን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን! ሚስቴን እኔ እችላታለሁ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ቀለል ብሎኛል። ለእናቴ የምትወደውን የማንጎ ጭማቂ ላደርግላት አስቤያለሁ።

በሩን ከፈትኩት። ሳሎኑ ጨለማ ነው። ቬንትሌተሩ ይጮኻል።

እናቴ ድንክ አልጋው ላይ ተቀምጣ ባዶውን ግድግዳ ታያለች። ድንክ አልጋው ሦስት ሰው ያስቀምጣል። እሷ ግን ጥጉ ድረስ ተጠግታ፣ የሳሪዋን ጠርዝ ወደ ራሷ ሰብስባለች... ለሰው ቦታ እንደሚለቀቀው።

አጠገቧ ያለው ፍራሽ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰረጎደ።

አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል። ትራሱ ወደዚያው ዘመም አለ። እናቴ እጇን አንሥታ አየሩ ላይ፣ የሰው ራስ በሚሆንበት ቁመት ላይ፣ ቀስ አድርጋ አሳረፈችው።

እኔ በሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የደረጃው ብርሃንና ሙቀት በጀርባዬ ወደ ቤት ይገባል።

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በርቷል።

«ሱሃስ፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃባት እንደምትጠነቀቅ እናት። «በሩን ዝጋው... ሙቀት ይገባበታል።»