ምንጣፍ ላይ የኳኳው ጫማ

«የስቱዲዮው አስተዳደር ጉዳዩን ካወጣና ካወረደ፣ በጥብቅም ከመከረበት በኋላ፣ በቀረጻ ክፍል ውስጥ የተቆላ ሽምብራ መቆርጠም ከዛሬ ጀምሮ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን በአክብሮት ያስታውቃል።»

ማስታወቂያውን የፈረመው የድምፅ ዳይሬክተር ቪናያክ ካርኒክ ከማስታወቂያው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ፣ አናቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ሱሎቻና ጋይክዋድ እንደ ሙምባይ የስቱዲዮ ሰው ሁሉ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ክፍሉ ጭር ከማለቱ የተነሣ ሰው የገዛ ልቡን ይሰማል፤ አርፎ መቀመጥ የቻለ አልነበረም። ፕሮዲዩሰሯ ኒሉፈር ቀለበቷን ታሽከረክራለች። ለፊልሙ ሙዚቃ የሚደርሰው ዴባሺሽ በሁለት ፖሊሶች መካከል ይቁነጠነጣል። ለፊልም የኮቴና የዱላ ድምፅ የሚሠራው ሽማግሌ፣ ሁሉም «ካካ»፣ አጎት፣ የሚሉት ፓንዱራንግ፣ ጢሙን ይነጫል።

«መቅረጫው ላይ የተገኘውን ይስሙት፣ ማዳም» አለች ኒሉፈር።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ምት። ውድቀት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«የዴባሺሽ ጫማ ተረከዝ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ኧረ በእናትሽ ኒሉ! ልታሰቅይኝ ነው?»

«ምን ላድርግ? አወዳደቁ ግን እንዴት ያምራል!»

ሱሎቻና በእግር ጣቶቿ ምንጣፉን ዳበሰች። «ሟቹ ከማን ጋር ተጋጭቶ ነበር?»

«ከካካ ጋር ትንሽ...» አለች ኒሉፈር። «ከመጨረሻው ትዕይንት እሳቸው የሠሯቸውን ድምፆች በሙሉ አስወጥቶ የዴባሺሽን ሙዚቃ ብቻ ተወ።»

«ሥራ ነው፤ ለምጄዋለሁ» አለ ካካ።

«ዴባሺሽ፣ ጫማህን አድርግና እዚህ ተራመድ።»

ተራመደ። ድመት እንኳ ከእሱ የበለጠ ድምፅ ታሰማለች።

«አያችሁ?» አለች ሱሎቻና። «ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል። እዚህ ቤት በጫማ የሚገባም የለም፤ ሟቹም ባዶ እግሩን ነው። ታዲያ ገዳዩ ብቻ በምን ተአምር ድንጋይ ላይ ሄደ? እንዲህ ኳ ኳ እያለ የሚሄድ የፊልም ወንጀለኛ ነው። እውነተኛ ሰው ደግሞ ሲወድቅ እንደ ዱቄት ጆንያ ዱፍ ይላል እንጂ አያምርም። ይህ ድምፅ ተሠርቷል። በሰው ጫማ መራመድ እንጀራው የሆነ፣ የራሱ የድንጋይ ንጣፍ ያለው ማነው?»

ዓይን ሁሉ ጥግ ላይ ወዳለው፣ ካካ የኮቴ ድምፅ ወደሚሠራበት ድንጋይ ዞረ።

«በር ላይ የወለቀውን የዴባሺሽን ጫማ ወስደው ቀረጹበት፣ ካካ። መቅረጫውን ባዶ ቢተዉት ማንም አይደርስብዎትም ነበር። ድምፅ የሌለው ትዕይንት ግን አላስችል አለዎት።»

ዴባሺሽ ወደ ካካ ተጠጋ። «ካካ፣ እንደ ልጅዎ አልነበርኩም? ለምን እኔን?»

ካካ እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

«አልናገርም። የአንተ ሙዚቃ ይናገር።»