ወንድሟን ያደለበችው እህት

«ወንድሜን የሚነካ ገና ቡሬ ላይ አልተወለደም» ትል ነበር አልጣሽ። «የመጣ ቢመጣ አዝዬው እሮጣለሁ።»

ታላቅ ወንድሟ ወንዳወቅ ባጃጅ ተገልብጦ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚሄደው። የአጎታቸው ልጅ ዘሚካኤል «ራሱ ይግፋ እንጂ» ቢል በድንጋይ ፈነከተችው። ወንዳወቅ ጎማውን ከያዘም ጣቱን በዱላ ትለዋለች፤ «እኔ ሞቼ ነው?» እያለች። ከዚያ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት ታጎርሰዋለች።

ከጤና ጣቢያ ሲስተር ዮርዳኖስ መጥታ መከረቻት። «አንቺ ልጅ፣ ሰውነት ያልሠራበትን ምግብ ያከማቻል። እግሩ ባይሄድም ክንዱ አለ። በየቀኑ ይግፋ። ቅቤው ይቀነስ፣ ጎመኑ ይብዛ።»

«እርስዎ በሁለት እግርዎ ቆመው ይቀልዳሉ። መሄድ ያልቻለ በሆዱም አይደሰት?»

«አልጣሽ፣ ክንዴ እየሰለለ ነው» አላት ወንዳወቅ።

«ዝም ብለህ ጉረስ።»

በገበያ ቀን፣ ከብት ተራ አጠገብ እየገፋችው ሳለ፣ ለሠርግ የተቀለበ ድልብ በሬ ገመዱን በጠሰ። የባለቤቱን ሆድ በቀንዱ ቀዶ ወደ እነሱ መጣ። አልጣሽ ዱላዋን ጥላ ወንድሟን በብብቱ ይዛ ሳበችው። አልተነሳም። ደግማ ሳበችው፤ ከበዳት። ወንዳወቅ ጎማውን ጨበጠ፤ ክንዱ ተንቀጠቀጠ እንጂ ዊልቸሩ ከኮረኮንቹ አልወጣም።

በሬው ዊልቸሩን እንደ ሰፌድ ገለበጠው። የአልጣሽን እግር ረገጠው፤ አጥንቷ ሲሰበር ተሰማ። ወንዳወቅ ግንባሩ ተተርትሮ፣ ደም ዓይኑን እየሸፈነው፣ በክንዱ እየተሳበ ሊደርስላት ታገለ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው አቃተው። እዚያው በደረቱ ተኝቶ ጩኸቷን ሰማ፤ ገበሬዎች በሬውን በምሳር እስኪጥሉት ድረስ።

ከዚያ ወዲያ ወንዳወቅ ማንንም አላስፈቀደም። በልኩ በላ። አሸዋ የሞላ ሃይላንድ እያነሳ ክንዱን አፍታታ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ላብ እስኪያጠምቀው ራሱ እየገፋ ወጣ። ሰውነቱ ቀለለ፤ ክንዱም ጠና።

እናንተም ቤታችሁ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ካለ ፍቅራችሁን በጉርሻ ብቻ አትለኩ። የሚበላው ከሚሠራው ጋር ይመጣጠን፤ ክንዱንም ሥራ አታስፈቱበት። እግር አለን የምትሉም ከዚህ ሕግ አታመልጡም።

አልጣሽ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። እግሯ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ፍትፍቷን እየደገመች «ጀሶው ይውለቅ ብቻ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ እየገፋሁ እወስድሃለሁ» አለች።

ወንዳወቅ ባዶ ጀሪካን ጭኑ ላይ አድርጎ ውሃ ሊቀዳ እየወጣ ነበር። ዞር ብሎ ሳህኗን አየ።

«አንቺ መጀመሪያ ራስሽን የሚያነሳሽ ሰው ፈልጊ።»