ለአማቻቸው ያወጡት ምስጢር

ነገ ከአገር ውጡ ቢባሉ፣ ያቺን የአራት ዓመት ሚጣ ለማን ጥለዋት ይሄዳሉ? እማማ ይህን ጥያቄ ይዘው ያድራሉ፣ ይዘው ይነሳሉ፤ መልሱ ግን ከየት ይምጣ! ባሕር ተሻግረው የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ነበር። ልጃቸው ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች፤ አማቻቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው ፊት ጉልበታቸውን ይስማል፤ በር ሲዘጋ ግን... የልጃቸውን ያበጠ ዓይን ስንት ጊዜ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙት! የመኖሪያ ፈቃዳቸው በእሱ ስም የተጠየቀ ነውና፣ «አንድ ስልክ ብደውል ሁለታችሁም ሻንጣችሁን ሸክፉ ትባላላችሁ፤ ሚጣ ግን ከእኔ ጋር ትቀራለች» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ልጅቱ የሴቶች ጠበቃ ዘንድ ደርሳ መጣች። የተደበደበች ሚስት ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም ፈቃድ መጠየቅ እንደምትችል፣ ልጇን ይዛ የምትጠለልበት ቤትም እንዳለ ጠበቃዋ ነገረቻት። ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለእናቷ ግን ነገረቻቸው። ለእናት ያልተነገረ ለማን ሊነገር!

እማማ ፈሩ። ከመካሰስ መታረቅ አይሻልም? በደህናው ዘመን ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀው የለ! አማቻቸውን ሶፋው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ነገሩ ጠበቃ ይዞታል፤ ሳይገፋ እዚሁ ቤታችን እንጨርሰው» አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ እማማ» አለ። ከዚያ ተነስቶ የሚስቱን ቦርሳ በረበረ፤ ለድብደባዋ ማስረጃ የያዘችውን የሐኪም ወረቀት አግኝቶ ብጥስጥሱን አወጣው። ማታ... የልጃቸው ክንድ ሲሰበር የሰሙት ድምፅ መቼ ይሆን ከጆሯቸው የሚወጣው?

ልጅቱ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ስትመለስ አልተቆጣቻቸውም።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ምንም አልነግርሽም።»

ከስድብ ሁሉ ይህ አይከፋም? አዲሱ የሐኪም ወረቀት በቀጥታ ጠበቃዋ እጅ መግባቱን እንኳ እማማ አላወቁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማቻቸው መታጠቢያ ቤት ጺሙን ይላጫል። እማማ ድንች ሲልጡ ቀና ቢሉ፣ ልጃቸው ሚጣን በደህና እጇ ታቅፋ፣ የራሷንና የልጇን ጫማ ጀሶ በታሰረው ክንዷ ብብት ሸጉጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። «ወዴት ነው?» የሚለው ጉሮሯቸው ላይ ደረሰ። ዕድል የሚሉት ይህ ነው? ወልዶ ማሳደግ፣ በመጨረሻ እንደ ባዳ መፈራት? ከዚህ ሰው ጋር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው! ቢሆንም እጃቸው ሄዶ የቧንቧውን ውኃ እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«ማነው እማማ?» አለ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ልጄ፤ ድስት እያጠብኩ ነው።»

ልጅቱ ለአንድ አፍታ እናቷን አየቻቸው። ከዚያም በባዶ እግሯ ወጣች።